ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

ይድረስ ከእናቴ ቀጥላ ላሳደገችኝ እህቴ።

እንደምን ከርመሻል እህትዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ነገር ሻል አለሽ ወይስ ዛሬም ጆንያውን እኔ ካላነሳሁ እያልሽ ከባልሽ ከጋሼ ጋር ትጣያለሽ? ጋሼስ ደህና ናቸው? ቅንድባቸው ላይ የሚቀመጠውን ዱቄት አሁንም ሽበት ነው እያልሽ ታሾፊባቸዋለሽ? ልጅሽ መነጽሬ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹ ልጅሽ ድብልቡሌስ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? እናታችን እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? ጉልበቷስ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለምዶብኝ ነው እንጂ ከሦስት ሳምንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞር ብሎኛል።

ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ባለፈው ከእኔ ወደ እናንተ በምትመላለሰው ነርስ እጅ የላኩትን የእናታችንን የደም ግፊት ክኒን፣ ሁለቱንም ካርቶን፣ ከመሳቢያው አውጪና ለብቻው አስቀምጪው። እናታችንን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ሌላ ያዘዙላትን ትውሰድ። የእኔን እንዳትጥዪው፣ ለማንም እንዳትሰጪው፣ ብቻ እሷ እንዳትውጠው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። አሁን ተነሺና አድርጊው፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።

አደረግሽው? እግዜር ይስጥልኝ።

ለምን አልደወለም ብለሽ እንደምትገረሚ አውቃለሁ። ስልኩን የገዛልኝ አሠሪዬ ነው፤ ቁጥሩም በእሱ ስም ነው። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም፤ ግን ሰሞኑን ስልኩ ላይ ከሰላምታ በቀር ምንም አልናገርም። ክፍሌ ሆኜ እንዳልጽፍልሽ አብሮኝ የሚኖረው የእሱ ሾፌር ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። አሠሪዬ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል። አጠገቤ አንድ ጥቅል የሶፋ ጨርቅ ዘርግቻለሁ፤ የጫማ ድምፅ ከሰማሁ ወረቀቱ ላይ አለብሰዋለሁ። ጽሑፌ ከተንጋደደብሽ በዚህ ምክንያት ነው።

ሙሽራው የምልሽ ሰውዬ ያው አሠሪዬ ነው። ሥራ ቀን አይል እረፍት፣ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ጫማውን አስወልውሎ ስለሚመጣ እኛ ሠራተኞቹ ያወጣንለት ስም ነው። አንቺ ግን ባለውለታችን ነው የምትዪው። ወፍጮሽን የገዛሽበት ገንዘብ ከእሱ ስለመጣ በየስልኩ ስትመርቂው እኔም ከዚህ ሆኜ አሜን ስል ኖሬያለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እጄ በሳምንቱ ሁሉ በማስቲሽ የተለበጠ ነው። ስፖንጅ ሳጣብቅ ውዬ ወረቀት ከነካሁ ወረቀቱ ከጣቴ ጋር ይመጣል። አንድ ሶፋ ተሠርቶ በወጣ ቁጥር ግን «ሠርቼ አስረክቤያለሁ» የሚል የርክክብ ወረቀት ላይ መፈረም ነበረብኝ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቱን አበላሸሁ። ሙሽራው ሳቀና ቅዳሜ ቅዳሜ እጅህን በደንብ ታጥበህ የሳምንቱን አንድ ላይ ፈርም አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ቅዳሜ እጄን በጋዝ አሽቼ፣ በሳሙና ታጥቤ፣ ጥራዙን ከፊቴ አድርጌ ቁጭ እል ነበር። ወረቀቶቹ ባዶ ነበሩ። ዝርዝሩን ቢሮ ውስጥ እንሞላዋለን ተባልኩ። አዲስ የሃምሳ ቅጠል ጥራዝ በመጣ ቁጥር ለወደፊቱም ይሆናል ተብዬ ሃምሳውንም ፈርሜ እነሳ ነበር፤ እንዲያውም ፊርማዬ እያማረ መጣ ብዬ እኮራ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

የአባባን አመል ታስታውሺያለሽ? ፍራሽ ሰፍቶ ሲጨርስ በውስጥ በኩል በእርሳስ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ሰው አያየውም፣ ለምን ትደክማለህ ስንለው፣ እኔ አየዋለሁ ይለን ነበር። ያ አመል ወደ እኔ ተላልፏል። እዚህም ሶፋ ሳለብስ እንጨቱ ላይ በጠመኔ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ቁጥሩን፣ የጨርቁን ቀለምና የገዢውን ሁኔታ በትንሿ ደብተሬ ላይ እይዛለሁ። «ሃያ ሦስት፣ ቡና ዓይነት፣ ሳል ያለባቸው ሰውዬ።» «አርባ፣ ሰማያዊ፣ የምትከራከረዋ ሴትዮ።» ማንም አላዘዘኝም። ባለፈው ዓመት ደብተሬ ላይ ያለው የመጨረሻው ቁጥር ሃምሳ ስምንት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው ከባንክ መጣሁ ብሎ ገባ። ሙሽራው ቢሮ ውስጥ ስልክ ላይ ነበር። ሰውየው እኔ አጠገብ ቆሞ ስፖንጁን ነካ ነካ እያደረገ፣ በሳምንት ስንት ሶፋ ትሠራላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን ላውቅ፣ አንድ እንጨርሳለን፣ ቢሻን ሁለት፣ ሠራተኛው እኔና አናጢው ብቻ ነን አልኩት። ሰውየው እጁን ከስፖንጁ ላይ አነሳ። ሙሽራው ከቢሮ እየሳቀ ወጣና እሱ ትሑት ነው፣ ሥራውን ያሳንሳል አለ። ሳቁ እስከ ዓይኑ አልደረሰም። ሰውየው ሲሄድ ሙሽራው ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ ወደ እኔ ነው የምትልከው አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ባለፈው ሳምንት ገንዘብ ያዥዋ ሥራ ለቀቀች። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በእኔ በኩል አለፈችና፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሶፋ እንደሸጥን ታውቃለህ ወይ አለችኝ። ሃምሳ ስምንት አልኳት። እሷ ግን በወረቀቱ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት መሆኑን፣ ሁሉም ላይ የእኔ ፊርማ መኖሩን ነገረችኝ። ያ ሁሉ ገንዘብ ታዲያ ከየት ነው ብዬ ጠየቅኳት። የሙሽራው የሚስቱ ወንድም መጋዘን አለው፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እየገዛ ቀኑን ፍቆ አዲስ ቀን ያትምበታል አለችኝ። ይህን ተናግራ ዞር ብላ ሳታየኝ ሄደች።

የእናታችንን ክኒን ማን እንደሰጠኝ አሁን ገባሽ። ለእናትህ ይሁን ብሎ ሙሽራው በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ። ካርቶኖቹን በሶፋ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን በመርፌ ሰፍቼ ለነርሷ ሰጠኋት። ስጠቀልለው ጣቴ ቀኑ ላይ አልፏል፤ ያቺ ቦታ ሻካራ ነበረች። በቀን ስንት ጨርቅ የሚዳስስ ጣት እንዴት ይህን ዝም ብሎ ያልፋል? ጣቴ ያወቀውን እኔ ሳላውቅ ለእናቴ ላኩት። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናታችን አንድ ነገር የሆነች እየመሰለኝ በቁሜ እሞታለሁ።

ቆየት ብዬ ነው የቀጠልኩት። በሩ ሲንኳኳ ጨርቁን አለበስኩና መቀስ ያዝኩ። ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነበር። ላቤ ጀርባዬ ላይ ወርዶ ሳለ እንዴት ዋልክ አልኩት፤ አሞታል ብሎ ሳይጠረጥረኝ አልቀረም።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። ከዚህ ሁለት መንገድ ማዶ ጡረታ የወጡ ሴት ጠበቃ አሉ። የንባብ ወንበራቸውን ስፕሪንግ እንዳድስላቸው ጠርተውኝ ነበርና ቤታቸው ሄድኩ። ወንበሩን ገልብጬ እየፈታሁ፣ ለአንድ ጓደኛዬ ልጠይቅዎት አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጓደኛህ ሶፋ ይሠራል? አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

ገንዘብ ማጠብ የሚባለው ይህ ነው አሉኝ። በወንጀል የተገኘ ገንዘብ በላብ የተገኘ እንዲመስል ማድረግ ማለት ነው። ወንጀለኛ ብዙ ገንዘብ ሲኖረው ጭንቁ ማውጣቱ ላይ ነው፤ ከየት አመጣኸው ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። የሙሽራው መልስ እኔ ነኝ፣ እህትዓለም፤ ያልሠራኋቸው ሶፋዎች ናቸው። መጀመሪያ ገንዘቡ ደህና በሚመስል ሥራ በኩል ባንክ ይገባል። ቀጥሎ መነሻው እንዲጠፋ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአገር ወደ አገር ይዞራል። በመጨረሻ ቤት ወይም ሕንጻ ሆኖ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ሲነግሩኝ መፍቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ሁለተኛው ላይ ያንቺ አለ።

አዎ፣ ያንቺ። ሙሽራው የወፍጮውን ገንዘብ ሲልክልሽ ከዋጋው በላይ አድርጎ ልኮ፣ ትራፊውን ለባለጋራዡ ዘመዴ አድርሺልኝ ብሎሽ ነበር። አደረስሽለት። ከዚያም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ላከ፤ ሁለቴም ከባንክ አውጥተሽ አደረስሽ። ሰው ያመነሽ መስሎሽ ደስ ብሎሽ ነበር፤ እኔም እህቴ ታማኝ ናት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አሁን ደግሞ ባለጋራዡ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለሚሠራው ሕንጻ በስምሽ ትፈርሚያለሽ፣ ድርሻም ይኖርሻል ማለቱን ነግረሽኛል። ሦስተኛው እሱ ነው።

ሕጉ የሚይዘው መድኃኒቱን የፋቀውን ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ገንዘቡ ከወንጀል እንደመጣ እያወቀ የተቀበለውን፣ ያስተላለፈውን፣ የደበቀውን፣ ስሙን ያዋሰውን ሁሉ ይይዛል። ለዚያውም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከመድኃኒቱ ጉዳይ ተለይቶ ይጠየቁበታል። እስራት አለው፣ መቀጮ አለው፣ በዚያ ገንዘብ የተገዛው ንብረትም ይወረሳል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፣ አጥንቱ ግን አንድ ነው አሉኝ። አላውቅም ነበር ካልኩስ አልኳቸው። የሰጡኝን መልስ እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል።

«ዳኛ አለማወቅህን ከአፍህ ብቻ አይሰማም። ከሁኔታው መጠርጠር ነበረበት ወይ ብሎ ይመረምራል። አንድ ጊዜ ካወቅህ በኋላ ግን የምታደርገው ሁሉ እያወቅህ እንዳደረግኸው ነው የሚቆጠረው።»

ይህን ስሰማ ላንቺ ምንም እንዳልነግርሽ ወሰንኩ። እኔ ልታሰር፣ እህቴ ግን አታውቅም፣ ሳታውቅ ትኑር አልኩ። ሁለት ቀን በዚህ ሐሳብ ተጽናናሁ። ጠበቃዋ ግን የወንበሩን ሥራ ልጨርስ ስሄድ፣ ካልነገርካት ቅዳሜ አትፈርምም ወይ አሉኝ። ዝም ብለሽ ተይው ብትላት ትተወዋለች? ብለውም ጨመሩ። አንቺን አውቅሻለሁ። ያለ ምክንያት የሰው ውለታ አትገፊም፤ ምን አደረገኝ ብዬ ነው ፊቱን የምነሳው ትያለሽ። ደግ ስለሆንሽ ትፈርሚያለሽ። ስለዚህ ልነግርሽ ግድ ሆነ። ከዚህ በኋላ አላውቅም ማለት አትችዪም። ያንን የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ።

ትናንት ሙሽራው መጥቶ አጠገቤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሰውየው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፤ ሱሪው ይታጠፍበታል። «እህትህ ደህና ናት? ወፍጮው ይፈጫል?» አለኝ። ድሮ ሲጠይቀኝ እንዴት ደግ ሰው ነው እል ነበር። ይፈጫል አልኩት። «ቅዳሜን እንዳትረሳ በላት» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሱ እስኪወጣ መርፌውን አውራ ጣቴ ውስጥ ሰክቼ እንደቆየሁ አላወቅኩም። ልጆችሽ የሚማሩበትን ያውቃል፣ ቤትሽን ያውቃል፣ የጋሼን የሥራ ሰዓት ያውቃል፤ ሁሉንም እየተኩራራሁ የነገርኩት እኔው ነኝ።

ነገ ነርሷ ይህን ደብዳቤ ይዛ ስትነሳ እኔ ከጠበቃዋ ጋር ወደ ፖሊስ መርማሪዎች እሄዳለሁ። ደብተሬን እሰጣቸዋለሁ። የአባባ አመል ይጠቅመኝ ይሆናል፤ ጠበቃዋ ግን ሳይፈልጉህ ራስህ ከሄድክ ይቀልልሃል እንጂ ነጻ ትወጣለህ ብዬ ቃል አልገባልህም ብለውኛል። ተይዤ እዚያው ልቀር እችላለሁ። ሙሽራው ቀድሞ ቢሰማስ የሚለውን ማሰብ አልፈልግም፤ ግን ሌላ የማስበው የለኝም። በጣም ፈርቻለሁ። ይህን ካንቺ በቀር ለማን እላለሁ? ድሮ ጨለማ ስፈራ መቀነትሽን ይዤ ነበር የምተኛው። አሁን የምይዘው ጠፍቶኝ ይህን እስክሪብቶ ይዣለሁ።

አንቺ ቅዳሜን አትጠብቂ። ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት ከጋሼ ጋር ሆናችሁ እዚያ ላለው ሕግ አመልክቱ። ወፍጮውን የገዛሽበትን ወረቀት፣ ለባለጋራዡ ያደረስሽባቸውን የባንክ ወረቀቶችና ክኒኑን ይዘሽ ሂጂ። ምንም አትደብቂ፤ ያላወቅሽውን አላወቅኩም፣ ያወቅሽውን በዚህ ቀን አወቅኩ በዪ። ባለጋራዡ ቢመጣ አትከራከሪው፤ ወገቤን አሞኛል፣ ተኝቻለሁ ብለሽ አስመልሺው፤ ለዚህ እንኳን መዋሸት አይጠበቅብሽም። ወፍጮው ሊታገድ ይችላል፤ ሊወረስም ይችላል። የትምህርት ቤቱን የጽዳት ሥራ ትተሽ በእኔ ቃል ነው ወፍጮ ቤት የገባሽው። ልብሽ እንደሚሰበር አውቃለሁ። ከእኔም ለጊዜው ገንዘብ አትጠብቂ። ብቻ ከልጆችሽ ጋር ቤትሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ ልይሽ፤ ሌላው ይቅር።

ደብዳቤውን እንዳታቃጥዪው። ፈርተሽ ምድጃ ውስጥ እንደምትከቺው ስለማውቅ ነው። ከሳጥኑ ሥር ከአባባ ፎቶ ጋርም አታኑሪው። ይዘሽው ሂጂ፤ መቼ እንዳወቅሽ የሚመሰክርልሽ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእናታችን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ሥራ በዝቶበት ነው በያት፣ ክኒኑ ግን ለምን እንደተቀየረ ዛሬ አትንገሪያት። ለጋሼ አክብሮቴን አቅርቢልኝ፤ ከእኔ የበለጠ ረጋ ያሉ ናቸው፣ ይህን ወረቀት ለእሳቸውም አንብቢላቸው። መነጽሬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ጽሑፉ እንዳንቺ አያምርም ብሏል በያት። ለድብልቡሌ ጥርሱ በደንብ ሲበቅል ስሙን ከሥሩ ጽፌ ትንሽ ወንበር እሠራለታለሁ። ጎረቤቶችን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ፤ ምንም እንዳትነግሪያቸው እንጂ።

ደብዳቤህ ላይ ቀን አትጽፍም እያልሽ ሁልጊዜ ትቆጪኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌያለሁ። ከሥሩ ላንቺ የሚሆን ክፍት መስመር ትቼልሻለሁ። ነርሷ እዚያው ቆማ ትጠብቅሽና የተቀበልሽበትን ቀን ጻፊ፣ ፈርሚም፤ እሷም ምስክር ሆና ትፈርም። እኔ ባዶ ወረቀት ላይ እየፈረምኩ ነው እዚህ የደረስኩት። አንቺ ከላይ እስከ ታች አንብቢ፤ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ወንድምሽ

ከሥራ ቤት፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ፣ የካቲት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ

ከላይ ያለውን ሁሉ አንብቤ፣ ከዚህ በፊት ሳላውቅ ቆይቼ፣ ዛሬ ያወቅኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቀን ………………… ሰዓት …………………

የምስክሯ የነርሷ ፊርማ …………………

የእህቴ ፊርማ …………………